የሦስት ዓመት ዋስትና፦ በሱዳንና በኢትዮጵያ ድንበር የቤተሰብ ወይን ጠጅ ሥራ ለመጀመር ምን ያስፈልጋል?

በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት የምትገኘው መንደር 8 ስሟን ያገኘችው ከቁጥር ነው። የላይኛው አትባራና የሰቲት ግድቦች ሲሠሩ በወንዞቹ ዳር ይኖሩ የነበሩ ሱዳናውያን እንዲሰፍሩባቸው ከተገነቡት መንደሮች አንዷ ናት። ግድቦቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እአአ) በ2017 ተመረቁ። ከሦስት ዓመታት በኋላ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም፣ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያን ድንበሩን ሲያቋርጡ መንደሯ የስደተኞች መሸጋገሪያ ሆነች። በግድብ ምክንያት ከቀያቸው የተነሡ ሰዎች መንደር፣ በጦርነት ከቀያቸው የተነሡትን ተቀበለች።

ከመጡት መካከል ብዙዎቹ በሑመራና በአካባቢው ሰሊጥና ማሽላ ሲያመርቱ የኖሩ ገበሬዎች፣ ነጋዴዎችና የቀን ሠራተኞች ነበሩ። በየቤቱ ደግሞ ሌላም ሙያ አለ። አማርኛ ተናጋሪው ጠጅ፣ ትግርኛ ተናጋሪው ሜስ የሚለውን የማር መጠጥ መጣል፣ ጠላውን ወይም ስዋውን መጥመቅ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ዕውቀት ነው። ስደተኛ መሬቱንና ከብቱን ትቶ ይወጣል፤ ሙያው ግን አብሮት ይሻገራል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሙያ ያለው ቤተሰብ ከባዶ ተነሥቶ አነስተኛና ዘላቂ የወይን ጠጅ ሥራ ማቋቋም ይችላል? ዕርዳታ እየቀነሰ፣ የዕለት ጉርስ በሚያሳስብበት ስፍራ ጥያቄው ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ይሁንና ወይን እንደ ሰሊጥ በአንድ ክረምት ተዘርቶ የሚታጨድ አይደለም። ለዓመታት ሳይከፍል የሚያስጠብቅ ተክል በመሆኑ፣ አንድ ቤተሰብ ዛሬ በሚኖርበት ስፍራ ነገም ስለ መኖሩ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ይፈትናል። በዚህ ድንበር ግራና ቀኝ የጎደለውም የመጥመቅ ችሎታ ሳይሆን ይኸው እርግጠኝነት ነው።

ተክሉ የሚጠይቀው

የወይን ቁራጭ ተተክሎ ለመጠጥ የሚሆን የመጀመሪያ ፍሬ እስኪሰጥ በአብዛኛው ሦስት ዓመት ይፈጃል። ሙሉ ምርት ለመስጠት ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል። በነዚህ ዓመታት ባለቤቱ ችግኙን ያጠጣል፣ ይገርዛል፣ ሐረጉን የሚይዝ ምሰሶና ሽቦ ይዘረጋል፣ ከሻጋታና ከወፍ ይጠብቃል፤ ገቢ ግን የለውም።

አንድ ቤተሰብ ሩብ ሄክታር መሬት ቢኖረውና ምርቱ በሄክታር 6 ቶን ቢሆን፣ የሚሰበስበው 1,500 ኪሎ ግራም ፍሬ ነው። ለአንድ የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከአንድ ኪሎ ግራም ትንሽ የሚበልጥ ፍሬ ስለሚያስፈልግ፣ ይህ ወደ 1,200 ጠርሙስ ይሆናል። በጥሩ ዋጋ ቢሸጥ ቤተሰብ ሊያስተዳድር የሚችል መጠን ነው። ነገር ግን ጠርሙሱ፣ ቡሹና የመጥመቂያው ዕቃ ገንዘብ የሚጠይቁት የመጀመሪያው ብር ከመግባቱ በፊት ነው።

የአየሩም ጠባይ ሌላ ፈተና ነው። የአማርኛ ቋንቋ ራሱ ወይን የት እንደሚስማማው በስም መዝግቦ አስቀምጧል፤ ከቆላው በላይ፣ ከደጋው በታች ያለው ምድር ወይና ደጋ ይባላል። ሑመራና ገዳሪፍ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላቸው፣ በበጋ የሙቀታቸው መጠን ከ40 ዲግሪ ሴልሲየስ የሚያልፍ ቆላዎች ናቸው። ወይን በቆላም ሊበቅል ይችላል። ሆኖም ሙቀቱ ለመጠጡ ሚዛን የሚሰጠውን ኮምጣጣነት ፈጥኖ ያሳጣዋል። ጭማቂው በሚፈላበት ጊዜም ማቀዝቀዣ ካልተገኘ እርሾው ሊሞትና ጥምቁ ሊበላሽ ይችላል። ኤሌክትሪክ በማይታመንበት መጠለያ ይህ ትልቅ ዕዳ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጊዜው አለ። ወደ መንደር 8 በኅዳር 2013 ዓ.ም የደረሰ ሰው በዚያው ሳምንት የወይን ችግኝ ተክሎ ቢሆን፣ የመጀመሪያውን ፍሬ የሚለቅመው በ2016 ዓ.ም ነበር። ከዚያ ቀድሞ፣ ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም፣ በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ተቀሰቀሰ። ብዙ ስደተኞች ለሁለተኛ ጊዜ ወዴት እንሂድ ወደሚል ጥያቄ ገቡ።

የሱዳን ሕግ ምን ይላል?

መሬቱና ጊዜው ቢገኝ እንኳ በገዳሪፍ የሚያሠራ ሕግ የለም። የቀድሞው የሱዳን ፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ እአአ በመስከረም 1983 የሸሪዓ ሕግ ሲያውጁ የአልኮል መጠጦች ወደ ዓባይ ወንዝ እንዲደፉ ተደርጎ ነበር። እአአ በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ መጠጥ ለሚጠጣ ሙስሊም 40 ግርፋት የደነገገ ሲሆን፣ አልኮል መሥራትና መሸጥንም በእስራትና በገንዘብ የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው።

የሕጉ ክብደት በዋናነት ያረፈው በሴቶች ላይ ነበር። ከደቡብ ሱዳንና ከኑባ ተራሮች በጦርነት ተፈናቅለው በካርቱም ዙሪያ የሰፈሩ ሴቶች ልጆቻቸውን ለማሳደግ መሪሳና አረቄ ይሠሩ ነበር። በኦምዱርማን የሴቶች ወህኒ ቤት ከታሰሩት መካከል ብዙዎቹ በዚሁ ሥራ የተፈረደባቸው እንደነበሩ የመብት ተሟጋቾች ለዓመታት ሲገልጹ ኖረዋል። መሬት የሌላት፣ ሌላ ሥራ የማታገኝ ሴት የምትይዘው ሙያ የቤት ጠመቃ መሆኑ በድንበሩ በሁለቱም ወገን የሚታወቅ እውነት ነው።

ኦማር አል በሽር ከሥልጣን ከተወገዱ በኋላ፣ በሐምሌ 2012 ዓ.ም፣ በአብደላ ሃምዶክ የሚመራው የሽግግር መንግሥት ሕጉን አሻሻለ። ማሻሻያው ሙስሊም ያልሆኑ ሰዎች በግላቸው አልኮል እንዲጠጡ ፈቀደ። ከሙስሊም ጋር አብረው ቢጠጡ ግን ከቅጣት አያመልጡም። ከዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም፣ ጦሩ የሽግግር መንግሥቱን በኃይል አስወገደ። ስለዚህ ማሻሻያው የግል ጠጪውን በመጠኑ ቢያስታግስም፣ አንድ የስደተኛ ቤተሰብ ፈቃድ አውጥቶ መጠጥ እየጠመቀ እንዲሸጥ የሚያስችል መንገድ አልከፈተም።

ከአልኮል ሕጉ ውጭም ስደተኛው ሌላ ገደብ አለበት። በሱዳን የስደተኞች ሥርዓት መሠረት ከተመደበለት መጠለያ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከመንደር 8 ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባህ የተዛወሩት ሰዎች የሚኖሩት በዚህ ገደብ ውስጥ ነው። ኡም ራኩባ በ1977ቱ ረሃብ ዘመንም ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለ ስፍራ ነበር። አንድ መጠለያ ከሠላሳ አምስት ዓመታት በኋላ ለዚያው አገር ሰዎች ዳግም መከፈቱ፣ ጊዜያዊ የተባለ ስደት ምን ያህል ሊደጋገም እንደሚችል ያሳያል።

የማን መሬት?

በድንበሩ አካባቢ እርግጠኛ መሬት ያጣው ስደተኛው ብቻ አይደለም። ስደተኞቹ ወደ ገዳሪፍ በሚገቡባቸው በነዚያው ሳምንታት የሱዳን ጦር ለም ወደሆነው ወደ አል ፋሽቃ ተንቀሳቅሶ ነበር። ሱዳን ይገባኛል ስትል እአአ የ1902ቱን የአንግሎ ኢትዮጵያ ስምምነትና በቀጣዩ ዓመት የተደረገውን የድንበር ምልክት ትጠቅሳለች። በስፍራው ግን ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ለአሥርት ዓመታት ሲያርሱ ቆይተዋል። በ2013 ዓ.ም ብዙዎቹ ሰብላቸውንና ንብረታቸውን ጥለው ወጡ።

ስደተኞቹ የተነሡበት ቀዬም እልባት አላገኘም። የትግራይ ክልል ምዕራብ ትግራይ፣ የአማራ ክልል ወልቃይት ጠገዴና ሰቲት ሑመራ የሚሉት አካባቢ ጉዳይ፣ ጥቅምት 23/2015 ዓ.ም በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንዲፈታ ከተዋቸው ጥያቄዎች አንዱ ነው። የተፈናቀሉት መቼና በምን ሁኔታ እንደሚመለሱ፣ መሬቱንም ማን እንደሚያስተዳድረው አሁንም ያከራክራል።

እንዲህ ባለ ምድር ገበሬው ሰሊጥ መምረጡ አያስገርምም። ሰሊጥ በክረምት መግቢያ ተዘርቶ በጥቅምት ይታጨዳል፤ ጆንያው ይሸጣል፤ ገንዘቡ በእጅ ይገባል። መሬቱ በሚቀጥለው ዓመት የማን እንደሚሆን የማያውቅ ሰው ከአንድ ክረምት የሚሻገር ነገር አይተክልም። በዚህም ምክንያት ለአፈሩ የሚበጀው ቋሚ ተክል፣ ጥላ የሚሰጠው ዛፍና የውኃ ማቆሪያው ሁሉ ይቀራል። የአካባቢ ጥበቃ ጉድለት ተብሎ የሚነገረው ብዙ ጊዜ የመሬት ዋስትና ጉድለት ነው።

ከወይና ደጋው የሚገኝ ትምህርት

ወይን ጠጅ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ከ1930ዎቹ ዓ.ም ጀምሮ የቆየ ሲሆን፣ በደርግ ዘመን የመንግሥት ሆኖ በ2005 ዓ.ም ወደ ግል ተዛወረ። ገዢዎቹ ኢትዮጵያዊው ባለሀብት ሙሉጌታ ተስፋኪሮስና በሙዚቀኛው ቦብ ጌልዶፍ ሊቀመንበርነት የሚታወቀው ኤይት ማይልስ የተሰኘው የኢንቨስትመንት ድርጅት ነበሩ። በስምጥ ሸለቆዋ ባቱ ከተማ አቅራቢያ ደግሞ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ከ100 ሄክታር በላይ ወይን ተክሎ፣ በ2006 ዓ.ም ሪፍት ቫሊ እና አኬሺያ የተባሉትን ምርቶች ለገበያ አቀረበ።

ባቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ክረምቱ ተክሉን የሚያስተኛ ብርድ ስለሌለው ገበሬዎቹ ወይኑን የሚያሳርፉት በመግረዝና ውኃ በመቀነስ ነው። በዚህ ዘዴ የመኸሩን ጊዜ መምረጥ፣ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ መልቀምም ይቻላል። እርሻው ጅቦችና ጉማሬዎች እንዳይገቡበት በቦይ እንዲከበብ መደረጉም በወቅቱ ብዙ ተዘግቦለታል።

ነገር ግን ከሁለቱም ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት ወይኑ መብቀሉ ብቻ አይደለም። ሁለቱም ዓመታትን ያለ ትርፍ ለመጠበቅ የሚችል ካፒታል፣ በውል የታሰረ መሬትና የተዘረጋ የማከፋፈያ መረብ ነበራቸው። ከነርሱ ቀጥሎ፣ በቤተሰብ ደረጃ ከራሱ ወይን ጠምቆ በራሱ ስም የሚሸጥ አምራች በኢትዮጵያ ገበያ ብዙም አይታይም።

ምክንያቶቹ የተያያዙ ናቸው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ገበሬው የመጠቀም መብት እንጂ የሚሸጠው ንብረት የለውም። በ2016 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የመጠቀም መብትን አስይዞ ለመበደር በር መክፈቱ አንድ እርምጃ ነው። ይሁንና ባንክ ሦስት ዓመት ወለድ ሳይጠይቅ የሚጠብቅበት የብድር ዓይነት ካልተዘጋጀ ለወይን ተካይ ብዙም አይጠቅምም። ቡሽና የመጥመቂያ ኬሚካሎች በአብዛኛው ከውጭ ይገባሉ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋቸው ንሯል። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ከልክሏል። ክልከላው የኅብረተሰቡን ጤና ለመጠበቅ የታሰበ ነው። ስማቸው አስቀድሞ ከታወቀ ኩባንያዎች ይልቅ ገና የሚጀምረውን ትንሽ አምራች የበለጠ መጫኑ ግን አልቀረም።

ከወይኑ በፊት ማሩ

ከባዶ ለሚነሣ ቤተሰብ የሚቀርበው መንገድ ከወይን ሐረግ ሳይሆን ከንብ ቀፎ የሚጀምር ይመስላል። ጠጅ በትርጉሙ የማር ወይን ነው። አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ ተበጥብጦ፣ በወይራ በታጠነ ጋን ውስጥ ጌሾ ገብቶበት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ለብርሌ ይደርሳል። የወይኑ ሦስት ዓመት እዚህ በሳምንታት ይተካል።

ስሌቱም ቀላል ነው። አሥር ባህላዊ ቀፎዎች እያንዳንዳቸው በዓመት 6 ኪሎ ግራም ማር ቢሰጡ፣ ከ60 ኪሎ ግራሙ ከ150 ሊትር በላይ ጠጅ ይወጣል። ጠጅ እንደ አረቄ ለረጅም ሰዓት እሳት አይፈልግም። ማገዶ ለመልቀም በሚወጡ ስደተኞችና በአካባቢው ነዋሪዎች መካከል ግጭት በሚነሣበት ስፍራ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ጌሾው በጓሮ ይበቅላል። ቀፎው ደግሞ ሰው ሲንቀሳቀስ አብሮ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ የመሬት ደብተርም አይጠይቅም። ንቡ የሚቀስመው ደን ካልተጠበቀ ማር ስለማይገኝ፣ በቋራና በመተማ የቀረውን ደን ማቆየት ለባለ ቀፎው የራሱ ጥቅም ይሆናል።

የሱዳንን ሕግ ሳይጥስ የሚሠራ መልክም አለው። ማርና ውኃው ሳይፈላ የሚጠጣው ብርዝ አልኮል የለውም። በኢትዮጵያ በሠርግና በበዓል ክርስቲያኑ ጠጅ ሲቀዳ ለሙስሊም እንግዳው ብርዝ ማቅረብ የቆየ ወግ ነው። በገዳሪፍ ገበያ ሊሸጥ የሚችለው፣ ሴቲቱንም ለእስር የማይዳርጋት ይኸኛው ነው። ብርዝ ቶሎ ስለሚፈላ በትኩሱ መሸጥ ወይም መቀዝቀዝ ይፈልጋል፤ ንጹሕ ውኃም ግድ ይለዋል። ማስተካከያው ግን ከወይን እርሻ እጅግ የቀለለ ነው።

ወደ ጠጅና ወይን ጠጅ ለሚያድገው ቤተሰብ የሌሎች አገሮች ልምድ ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛው ሕግ ለጀማሪ የመማሪያ ስፍራ መተው እንደሚችል ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ሁለት አዋቂዎች ያሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ይኸውም ወደ 757 ሊትር ወይን፣ ለራሱ ፍጆታ ያለ ግብር መጥመቅ ይችላል፤ መሸጥ ግን አይችልም። ለመሸጥ የሚፈልግ፣ ጠጅ የሚጥሉ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ፣ የወይን መጥመቂያ ፈቃድ ያወጣል። ስሕተቱን በቤቱ ተምሮ ከጨረሰ በኋላ ወደ ገበያ ይወጣል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ጆርጂያ ናት። በዚያች አገር ገበሬዎች መሬት ውስጥ በተቀበረ ክቬቭሪ በተባለ ትልቅ የሸክላ ጋን ወይን ይጠምቃሉ፤ ዘዴው እአአ በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። እአአ በ2006 ሩሲያ የጆርጂያን ወይን ስትከለክል ዋነኛው ገበያ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ አምራቾች በብዛት ፋንታ በጥራት ሌላ ገበያ ፈለጉ፤ በየቤቱ የነበረው ጋንም የአገሪቱ መለያ ሆነ። ጋኑን ለዘመናት የሚያውቁት የኢትዮጵያ ጠጅ ጣዮች ከዚህ የሚማሩት ውድ የብረት በርሜል ሳይገዙም መነሣት እንደሚቻል ነው።

የቀሩት ጥያቄዎች

ይህ ሁሉ ሲባል የመጠጥ ንግድ የሚያስከትለው ጉዳት መዘንጋት የለበትም። ሥራ አጥነትና ሐዘን በበዛበት መጠለያ አልኮል ጠብንና የቤት ውስጥ ጥቃትን ሊያባብስ ይችላል። በስኳር የተሞላ፣ ይዘቱ የማይታወቅ ጠጅም በኢትዮጵያ ከተሞች የቆየ ቅሬታ ነው። የቤተሰብ ሥራ ፈቃድ ሲሰጠው አብሮት ቁጥጥርና ተጠያቂነት ይመጣል። ሥራው በጨለማ ሲቀር ግን ጉዳቱ ይቀጥላል፤ የሚከፍለውም አብዛኛውን ጊዜ ጠማቂዋ ናት።

የድንበሩ ሁኔታም ገና አልረጋም። ገዳሪፍ ከጀዚራና ከሰናር የተፈናቀሉ ሱዳናውያንን ጭምር አስጠግታለች። በተቃራኒው አቅጣጫ በመተማ በኩል የገቡ ሱዳናውያን በአማራ ክልል በኩመርና በአውላላ ተጠልለው፣ በጸጥታ ችግር ከዚያም ለመውጣት የተገደዱ አሉ። ትናንት አስተናጋጅ የነበረው ዛሬ ስደተኛ ሆኗል።

ስለዚህ በመንደር 8 በኩል ያለፈ አንድ ቤተሰብ ዛሬ ሊጀምር የሚችለው ቀፎና ብርዝ ነው። ወደ ቀዬው በሰላም ከተመለሰ ጠጅ ሊያክልበት ይችላል። መሬቱ የእርሱ ለመሆኑ የሚታመን ወረቀት ካገኘ፣ ብድሩም መኸሩን የሚጠብቅለት ከሆነ፣ በወይና ደጋው ወይን ሊተክል ይችላል። ቀፎውን ከራሱ ጥረትና ከጥቂት ድጋፍ ያገኘዋል። ሰላሙን፣ የመሬት ደብተሩንና የሚጠብቀውን ብድር ግን በራሱ ጉልበት ሊያመጣ አይችልም፤ በካርቱም፣ በአዲስ አበባና በክልሎቹ ዋና ከተሞች የሚወሰኑ ናቸውና።